የስብሰባው ሰላጣ

ባለፈው ወር ከስብሰባ ምሳ በኋላ ዘጠኝ ሠራተኞች ታይፎይድ ያዛቸው፤ የመዝገብ ቤቱ አቶ ዳምጠው ሞቱ። ጥፋቱ በምሳው ክትፎ ላይ ተላከከ። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ለዛሬው ስብሰባ ጤናማ ምግብ፣ ጥሬ ሰላጣና የተቆራረጠ ፍራፍሬ፣ ክትፎውን ካቀረበችው ከዚያችው ምሳ አቅራቢ አዘዘ።

የአስተዳደር ኃላፊው በር ላይ የጤና ምርመራ ካርዷን ተቀብሎ አነበበ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ምንም የለብዎትም። ይግቡ።»

ተሰብሳቢዎቹ «እንደ በግ ሣር አስጋጡን እኮ!» እየተባባሉ፣ እየሳቁ ሁለት ሁለቴ አነሱ።

ምሳ አቅራቢዋ ዕቃዋን ሰብስባ ከግቢው እንደወጣች ስልክ ደወለች።

«ዘርፌ እህቴ፣ ካርድሽን ዛሬውኑ አመጣልሻለሁ። የእኔንማ ውጤት ነገርኩሽ፤ ታይፎይዱ አሁንም አልለቀቀኝም። ታዲያ ልጆቹን ምን ላብላቸው? ለሐሙስም ሰላጣ አዘውኛል።»