በህልም የታየ ኩርኩፋ

ዓለምጸሐይ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ መሀል ተቀምጣለች። ውሃው በድስት ይንተከተካል፤ የበቆሎ ዱቄቱ በሳፋ ቀርቧል፤ እዚህ አለኮ የሚሉት የሽፈራው ቅጠልም ተሸምጥጦ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። እጇን ግን አትዘረጋም።

ኦይታ አጠገቧ ቆሟል። በነጭ ጋዋኑ ደረት ላይ ስሙ በወርቃማ ክር ተጠልፏል። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ምግብ ቤት አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ያበስላል። ሦስተኛው ምግብ ቤቱ ዛሬ አርባ ምንጭ ላይ ይከፈታል። እንግዶቹ ሊመጡ ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ የሚመጡትም ከዱቄቱና ከአለኮው ለሚሠራው ኩርኩፋ ነው፤ እሷንም የጠራት ይህን እንድትሠራለት ነው።

«እትዬ፣ ውሃው ፈልቷል» ይላል።

«ታዲያ አንተው ሥራው! በህልሜ ታየኝ ብለህ የለ?»

ሽንኩርት የምትከትፈው የወጥ ቤቱ ረዳት ቲጂ ቢላዋዋን ታቆማለች።

እውነት ነው፣ ብሏል። አንዲት ጋዜጠኛ «ይህን ምግብ ከየት አመጣኸው?» ስትለው፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለችው የዓለምጸሐይ ቆርቆሮ ቤትና እዚያ ሳህን ያጠበባቸው አራት ዓመታት ከአፉ አልወጣ አሉት። «በህልሜ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እያደር እሱም አመነው። ዓይኑን ሲጨፍን፣ በእንፋሎት ውስጥ ሁለት እጆች ሊጥ እያድቦለቦሉ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ሲጥሉ ያያል። የማን እጆች እንደሆኑ አይጠይቅም።

«በድያለሁ፣ እትዬ።»

«እንዲህ ቆመህ?»

ይገባዋል። በጋሞ ምድር እርጥብ ሳር ይዞ ለይቅርታ የተንበረከከን ሰው ማንም ጥሎት አይሄድም። ዙሪያውን ያያል። ከጠረጴዛው ላይ አለኮውን በእፍኙ ዘግኖ ይንበረከካል።

ዓለምጸሐይ ሳትወድ ትስቃለች። «አንተ ሰውዬ! ይሄ እኮ ለድስት ነው። ሳርና ጎመንም አልለይ አለህ?»

ቲጂ ሳቋን በክንዷ ታፍናለች።

ኦይታ በጓሮ በር ይወጣል። ግቢው ሙሉ በሙሉ ሴራሚክ ነው፤ ሳሩን ያስነቀለው ራሱ ነው። አጥሩን አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች የአባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ በጉም ውስጥ ተኝቷል፤ ውሃው የት እንዳበቃ፣ ሰማዩ ከየት እንደጀመረ አይለይም። የመኪኖች ድምፅ ይመጣል፣ ግን ከሌላ ሰው ቀን እንደሚመጣ ሁሉ የራቀ ነው። ቦይ ዳር አጎንብሶ እርጥብ ሳር ከነሥሩ ይነቅላል።

ሲመለስ እንግዶች ደጁ ላይ ደርሰዋል። «ሼፍ ኦይታ!» እያሉ ስልካቸውን ያወጣሉ። አይቆምላቸውም። ግር ብለው እስከ ወጥ ቤቱ በር ይከተሉታል።

ሳሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይንበረከካል።

«ማን አስተማረህ?» ትላለች ዓለምጸሐይ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ በለሆሳስ።

እሱ ግን ጮክ ብሎ ይመልሳል፤ በሩ ላይ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ። «እርስዎ፣ እትዬ ዓለምጸሐይ። ኩልፎ ዳር፣ በቤትዎ።»

ቀይ ጭቃ ከሳሩ ሥር በነጭ እጅጌው ወደ ክርኑ ይወርዳል። ዓለምጸሐይ ሳሩን ትቀበለዋለች። የምታኖርበት ስታጣ፣ አንዷን ዘለላ መዝዛ ሻሿ ውስጥ ትሰካትና ወደ ሳፋው ትዞራለች።