ከብር ቀለም ሥር

ከብር ቀለም ሥር ምን ይቀባል?

እየሩስ ይህን ጥያቄ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ይዛው ኖራለች። በዚያ ዓመት በኃይሉ የሚባል የዘመሮ አናጢ ከቆርቆሮና ከእንጨት የሠራትን ክንድ የማትሞላ አውሮፕላን ወደ ትምህርት ቤቱ አምጥቶ ነበር። እየሩስ ብር በተቀባ ክንፏ ላይ የገዛ ጥርሷን አየች።

አሁን እዚያው ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ናት። ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ዲግሪና ንቀት ይዛ መጥታለች። ሁለቱንም በደንብ ጠብቃ ይዛቸዋለች።

በየዓመቱ ከወረዳው የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርእይ አንድ ሞዴል ተመርጦ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። እየሩስ ሦስት ዓመት ተወዳደረች፤ ሦስቱንም ዓመት የሄደው የበኃይሉ ነው። የእሷ ነዳጅ ጫኝ ቦቴ በልኬት እንከን አልነበረባትም፤ እያንዳንዱ ጎማ የእውነተኛው አንድ ሃያኛ ነው። የብር ቀለሟ ግን ያረጀ ማንቆርቆሪያ ይመስላል።

ከላይኛው ቀለም በፊት የሚቀባውን ቀቢዎች መሠረት ይሉታል። እየሩስ አንቲረስት የሚሉትን ግራጫ የዝገት መከላከያ ሞከረች፤ ብሩ ደበዘዘ። ነጭ ሞከረች፤ ወተት መሰለ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሞከረች፤ ብሩ በላዩ ላይ እንደ ቆዳ ተሸበሸበ። ጥቁርን ከዝርዝሯ ሰረዘችው።

በኃይሉን ስትጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እኔ ቆርጬ አጣብቃለሁ። ማብረቁ የመሠረት ነው።»

«ጋሼ በኃይሉ፣ መሠረቱ ምን እንደሆነ እኮ ነው የጠየቅሁዎት።»

«እንደናንተ አትቸኩልም፣ መሠረት። ሌላ ምስጢር የለውም።»

ይህን የሚለው እየሳቀ ነው። እየሩስ ሳቁን ትጠላዋለች፤ አነጋገሩንም ጭምር። ዕቃውን ሁሉ ሴት ያደርጋል፤ መጋዟ፣ መዶሻዋ፣ አውሮፕላኗ። አሁን ደግሞ መሠረት አትቸኩልም። ሰዋስው ያልገባው ሰው ምስጢር ሲደብቅ ማየት ለእየሩስ ስድብ ነበር።

ዘንድሮ ከዐውደ ርእዩ ሁለት ሳምንት በፊት ቦቴዋን ይዛ ቤቱ ሄደች። ጉም ከጓሳ ተራራ ወርዶ መንደሩን ሸፍኖታል። የቤተል እናት ደጅ ተቀምጣለች። ከመርሐቤቴ ተድራ የመጣች ዝምተኛ ሴት ናት፤ እየሩስ የምታውቀው የበኃይሉ ሚስት መሆኗን ብቻ ነው። ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ጥቁር ነገር በቁራጭ የሱፍ ባና ታሻለች። ጥፍሮቿ ጥቀርሻ መስለዋል። እየሩስ ድስት እየፈተገች መስሏት ልብ አላለችም።

«ጋሼ የሉም?»

«ቆርቆሮ ሊገዛ ቀየት ገበያ ሄዷል። ምን ይዘሽ ነው?»

የቤተል እናት ቦቴዋን ተቀበለቻት። የቦቴዋን ሆድ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፤ ከዚያ አሸተተቻት።

«ሥሩ ሳይደርቅ ነው የደረብሽበት» አለች። «በዚህ ጉም ሦስት ቀን አይበቃውም። ምድጃ ዳር ሰንበት ቢል ጥሩ ነበር።»

«የቤተል እናት፣ ቀለም እኮ ቋንጣ አይደለም።»

ሴትየዋ ሳቀች። «እሺ፣ የኔ መምህርት» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እየሩስ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። በበኃይሉ ጠረጴዛ ላይ መጋዝ፣ የቆርቆሮ መቀስና ማጣበቂያ ብቻ አለ። አንድ ጣሳ ቀለም የለም፤ ብሩሽም የለም። ያኔ ነገሩ ገባት። ሰውዬው አይቀባም። አዲስ አበባ ልኮ ያስቀባል።

በማግሥቱ ለዐውደ ርእዩ ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፈች። ሰው ፊት መናገር አትወድም፤ ስሟንም አልጻፈችም። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ተወዳዳሪዎች ሥራቸውን በዳኞች ፊት ይቅቡ። ኮሚቴው ተስማማ።

በውድድሩ ቀን ሰብሳቢው መርስዔ ኃዘን ለበኃይሉ ብሩሽ አቀበለው።

«ቀባና አሳየን።»

በኃይሉ ብሩሹን እንደ ሰው ዕቃ ያዘው። «እኔ እኮ አልቀባም። የመሠረት ነው ብያችሁ የለም?»

«የመሠረቱን ነገር ተወውና ቀባ።»

«እሱን ከተውነውማ ምን ቀረን?»

አዳራሹ ሳቀ። በኃይሉ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ብሩሹን አስቀመጠ፤ አውሮፕላኗን በብብቱ ይዞ ወጣ። የእየሩስ ቦቴ ማንቆርቆሪያ እንደመሰለች ለደብረ ብርሃን አለፈች።

ደስታዋ እስከ ቤቷ እንኳ አልቆየም። ደብረ ብርሃንም በዳኞች ፊት መቅባት ሊኖር ነው። ከብሩ ሥር ምን እንደሚቀባ ዛሬም አታውቅም።

የምዝገባ ቅጹ አንድ ረዳት ይፈቅዳል። እየሩስ ቅጹን ደጋግማ አነበበችና በመጨረሻ ወሰነች። የቤተል እናትን ይዛት ትሄዳለች። ባሏ የት እንደሚያስቀባ ሳታውቅ አትቀርም፤ እንዲህ ያለች የዋህ ሴት ደግሞ ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። እስከዚያው ብሩሽ ታጥባለች።

ቅጹን ይዛ ሄደች። የቤተል እናት እዚያው ደጅ ላይ ናት።

«ደብረ ብርሃን? ቦቴዋን ልቀባልሽ?»

«ብሩሽ ልታጥቢልኝ።»

የቤተል እናት ጥቁር ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች። «እሺ» አለች በኋላ። «በኃይሉም ቦቴዋ አሳዘነችኝ ሲል ነበር።»

እየሩስ ስድቡን ዋጠችው። ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«የረዳት ስም ይላል። የቤተል እናት ተብሎ አይጻፍም መቼም። ስምሽ ማን ነው?»

«መሠረት።»