የበረዶው ምርመራ

«ታዲያ ይሄ ክንድ ይዋሻል?» አለች ሴትዮዋ ሐኪሙን። ነርሷ በረዶ ይዛበት የቆየችው የሴትዮዋ ክንድ ቀላ እንጂ አላበጠም። «በፊት እኮ የደብረ ብርሃን ነፋስ ሲነካኝ ፊቴ እንደ ዳቦ ይነፋ ነበር። ዛሬ በቀዝቃዛ ውሃ ልብስ አጥቤ መጣሁ።»

«ክንድሽ አልዋሸም። ግን የብርድ አለርጂውን መድኃኒት ልንሞክርባችሁ ከመዘገብናችሁ ከአርባችሁ ለሃያዎቹ የሰጠነው መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ነው። እነሱም ልክ እንደ ሌሎቹ ተሽሏቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ አይሠራም ተብሎ ሙከራው ተዘጋ።»

«አይሠራም ያለው ይምጣና ይየኝ።»

«እህቴ፣ እኔም ተስፋ አድርጌበት ነበር። የተረፈውን እንኳ ትናንት አቃጠልነው።»

ሴትዮዋ እጅጌዋን አወረደች። «ግማሹ ባዶ መሆኑንማ መጀመሪያውኑ ነግራችሁናል። አንዱ ድኖ ሌላው ሲያክ ሊኖር ነው እንዴ? ሰኞ ሰኞ እንክብሉን ስንቀበል፣ ከግቢው ሳንወጣ የአርባችንንም አንድ ነጠላ ላይ ደፍተን፣ ቀላቅለን፣ እኩል ነበር የምንካፈለው።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ማን ከማን ይለያል?»

ሐኪሙ ፊቱ ያለውን ሪፖርት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማገላበጥ ያዘ። ነርሷ የቀለጠውን በረዶ ልትደፋ ዞረች። ሴትዮዋ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ወደ ብርዱ ወጣች።