ተሽሎኛል የተባለበት ድልድይ

«ዝም በሉ... አሁን ይመጣል።»

ይህን ያሉት የባምባሲው ወጌሻ አባ ዲማ ናቸው። መዳፋቸው በመምህር በቃሉ ሆድ ላይ ነበር።

በቃሉ በዚያች ሰዓት ምንም አላመመውም። እንዲያውም ይቀልድ ነበር።

«አባ፣ ሆዴ ውስጥ ደግሞ ምን ስብራት ሊያገኙ ነው...»

ሳይጨርሰው እጥፍ አለ።

ሰዓቴን አየሁ። ካለፈው ቁርጠት ዐሥራ አንድ ደቂቃ...

ነርስ ነኝ። በቃሉ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጥቷል። ሦስቱንም ጊዜ እኔ ፊት ሲቀርብ ሕመሙ ትቶት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ካርዱ ላይ «ጨጓራ» ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው እኔን ትቶ ወጌሻ ዘንድ ሄደ።

እንዳይታሽ ልከለክል ተከተልኩት... አላሽም ያሉት ግን ራሳቸው አባ ዲማ ሆኑ።

«እጅህን አምጣ» አሉኝ።

ከእምብርቱ በስተቀኝ አስቀመጡልኝ። ከቆዳው ሥር እንደ በቆሎ ራስ የጠነከረ ነገር ቀስ ብሎ ተነሣ። ቆየ... ከዚያ ጠፋ።

በቃሉ ላቡን ጠርጎ ፈገግ አለ።

«ይህ የእኔ ሥራ አይደለም። አሶሳ ሆስፒታል እንውሰደው... እኔም እሄዳለሁ» አሉ አባ ዲማ።

መኪና ተኮናትረን ወጣን። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ድልድይ ስንደርስ በቃሉ ቀና አለ።

«በቃ ተሽሎኛል። ነገ ፈተና አለብኝ፤ እንመለስ።»

እውነቱን ልናገር... እኔም ልመለስ አስቤ ነበር። ጨጓራ ቢሆንስ? ቢሳቅብኝስ?

ሹፌሩ ፍጥነት ቀነሰ።

አባ ዲማ ውሃውን እያዩ «ሌንጂሳም እዚሁ ላይ ነው ተሽሎኛል ያለው» አሉ።

«ሌንጂሳ ማን ነው?»

«ልጄ። ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ቤት መልሼ አሸሁት። ያ ነገር ከእጄ ሥር ሲጠፋ አዳንኩት ብዬ ተኛሁ... በማግስቱ ሆዱ እንደ እንጨት ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ቀበርኩት።»

ሹፌሩ ማርሽ ቀይሮ ወደ አሶሳ ነዳ።

አሶሳ፣ አልትራሳውንዱ ላይ ክብ በክብ ውስጥ ታየ። ሐኪሙ የጋውኑን እጅጌ ወደ ውስጥ እያስገባ አሳየን... አንጀት እንዲህ ራሱን ይውጣል። አዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ ስቦ የሚያስገባው አንጀት ውስጥ የበቀለ እባጭ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

የተጎዳው አንጀት ተቆርጦ ወጣ። እባጩም ተመረመረ፤ ክፉው ዓይነት አልነበረም። በቃሉ ዛሬ ያስተምራል።

የዚያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ አባ ዲማ መዳፋቸውን ዘርግተው ያዩ ነበር።

«አሁንም ይሰማዎታል?»

«አንዱ ሄደ» አሉኝ። «የሌንጂሳ ግን አለ።»

ወገኖቼ... ሕመም ሄደ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ታይቶ የሚጠፋ እብጠት ካያችሁ አታሹት። ቶሎ ወደ ሐኪም።

ለእኔ የቀረልኝ ትምህርት ደግሞ ይህ ነው... ስህተቱን ያልደበቀ አባት የሌላ ሰው ልጅ አተረፈ።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ፣ ከዚያ ድልድይ ትመለሱ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ... እኔ የእኔን ጽፌአለሁ።