ቦነስ የማይሸጥበት ሱቅ

ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ዲግሪ የለውም፤ ያለው የፊልም ዲስክ ሱቅ ነው። ስሙ የወጣለት ማንም ሳይጠይቀው ስለ ፊልም ስለሚያስተምር ነው። ይህን ሰው በቅርብ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ፂሙን የምላጭለት እኔ ነኝ። ስለዚህ ባማው አይቀየመኝም።

የፕሮፌሰር ዋና ትምህርት ስለ ቦነስ ነበር። ቦነስ ማለት ከፊልሙ ጋር ዲስኩ ላይ የሚጨመረው ነው፤ የዳይሬክተሩ ማብራሪያ፣ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ፣ ተቆርጠው የወጡ ትዕይንቶች፣ ይኼ ይኼ።

«ሰው ዳቦ ሲገዛ የጋጋሪውን የሕይወት ታሪክ ይጠይቃል?» ይላል ደንበኛ ብቅ ባለ ቁጥር። «ትዕይንቱ የተቆረጠው ስለማይረባ ነው። የማይረባ ነገር ምን ያደርግልሃል?»

ትምህርቱ ከሥራው ጋር ጥሩ አድርጎ ይስማማል። ፕሮፌሰር አንድ ኦሪጅናል ይገዛል፣ ቦነሱን አውጥቶ ይጥላል፣ በተረፈው ቦታ አራት ፊልም አንድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ይሸጣል። ኦሪጅናሎቹን፣ ማስረጃ እንዳይሆኑበት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ይደብቃል። ሥራው ሕገወጥ መሆኑን ያውቃል። ከተያዘ ሱቁ ይታሸጋል፤ ከሱቁ ሌላ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቀው ሥራ የለም።

አንድ ሰኞ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከረባት አስረዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል።

«ልጄ፣ ኦሪጅናል አለህ? የተቆረጡ ትዕይንቶች ያሉበት።»

ኦሪጅናል የሚለው ቃል ሲነሳ ፕሮፌሰር ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ አየ። ፈራ ተባ እያለ አንድ ባለ ሁለት ዲስክ ፊልም አወጣላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ በኪስ ማበጠሪያ ፀጉራቸውን አበጠሩ። ከዚያ ሁለተኛውን ዲስክ በሱቁ ቴሌቪዥን ላይ አስከፍተው አዩና፣ ትንሽ ደብተር አውጥተው ደቂቃና ሰከንድ ጻፉ። ሒሳባቸውን ከፍለው ሲያበቁ ፊልሙ ያለበትን ዲስክ መለሱለት።

«ይሄን ለሌላ ሽጠው፤ እኔ አልፈልገውም።»

ፊልም የማይፈልግ ፊልም ገዢ! ወይ ጉድ! ፕሮፌሰር እዚያው ደመደመ፤ ሰውዬው ተቆጣጣሪ ነው። ፕሮፌሰር ከደመደመ ደግሞ አለቀ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሽማግሌው በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። ሁልጊዜ የሚጠይቁት የተቆረጡትን ነው፤ ሁልጊዜ ይጽፋሉ። አንድ ቀን በቀብር ትዕይንት ላይ፣ ሐዘንተኞች አበባ ይዘው ሲያልፉ፣ ፈገግ አሉ። «ጨካኝ!» አለ ፕሮፌሰር በሆዱ። ሌላ ቀን ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ በሚስቅበት ቦታ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። አንድ ጊዜማ ፕሮፌሰር ተሳስቶ የራሱን ቅጂ ሸጠላቸውና በማግሥቱ ይዘውት መጡ።

«እዚህ ላይ የተቆረጡት የሉም። ማን አወጣቸው?»

«እኔ... እኔ ምን አውቃለሁ? ከፋብሪካው ነው!»

«እንግዲያው ሁለት ጊዜ ተቆረጡ» አሉና ደብተራቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

የፕሮፌሰር ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። እዚያው ሱቁ ጥግ በስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለምን እንደሚፈልጓቸው ለምን አትጠይቃቸውም?»

«ተቆጣጣሪ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም» አለ ፕሮፌሰር። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

በአንድ ሐሙስ ሽማግሌው ከወትሮው ፈጥነው ገቡ።

«አንድ ብቻ ቀርቶኛል» አሉና በአንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ የተሠራ አሮጌ ፊልም ጠሩ። «ከየትም አጣሁት። ካለህ፣ ድምፁ ደህና ነው?»

ፊልሙ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። መታተም ካቆመ ስንት ዘመኑ! ፕሮፌሰር ለጊዜው ለመገላገል «ቅዳሜ ይምጡ» አላቸው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። ቅዳሜ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

ሰው! የትኛውን ሰው እንደሚያመጡ ለመገመት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። በሩን ዘጋና የሚስቱን የልብስ መቀስ አንስቶ ኦሪጅናሎቹን አንድ በአንድ ከረከማቸው። የመናኸሪያው ፊልም የመጨረሻው ነበር፤ እሱን በእልህ አራት ቦታ ቆረጠው።

«መቀሴን! መቀሴን አደነዝከው!» ብላ ጮኸች ሚስቱ።

«ዝም በይ፤ እንጀራችንን ነው ያዳንኩት» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው መጡ፤ ፀጉራቸውን ከመንገድ አበጥረው ነው የገቡት። ከጎናቸው አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ፕሮፌሰር ፖሊስ መሆኗን ከጫማዋ አወቀ። እሱ ሰው በጫማ ያውቃል።

«ያልኩህን አገኘህልን?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚህ ቤት ኦሪጅናል የሚባል የለም!» አለ ፕሮፌሰር አፉን ሞልቶ። «ከፈለጋችሁ ፈትሹ! የመናኸሪያው ፊልም ነበረኝ፤ እሱንም በመቀስ ቆራርጬ ጥዬዋለሁ። ለመሆኑ ቦነስ ለማን ይጠቅማል? ትዕይንቱ የተቆረጠው ስለማይረባ ነው!»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ወጣቷ ሽማግሌውን አየቻቸው። ሽማግሌው ደብተሩን ከኪሳቸው አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላትና ወደ ፕሮፌሰር ዞሩ።

«ልጄ ናት» አሉት። «እናቷ ተዋናይ ነበረች፤ ይቺ ጡት ሳትጥል ሞተችብን። ሃያ ሁለት ፊልም ሠርታ ከሃያ ሁለቱም ቆርጠው አወጧት። በሃያ አንዱ ዝም ብላ ነው የምታልፈው፤ በመናኸሪያው ግን ትናገር ነበር።»