የክራር መቺው ምስክርነት

«ለውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ሥራውን የሚችል ኢትዮጵያዊ ከጠፋ ብቻ ነው» አለ የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ካሣዬ፣ ብዕሩን ፎርሙ ላይ እንዳሳረፈ። «እርስዎንም የጠራንዎ ለዚሁ ነው። ዑድ መምታት ይችላሉ?»

የተጠየቁት የአሰላ ኪነት ቡድን አንጋፋው ክራር መቺ፣ ጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ፎርሙ ግን አጠገባቸው የተቀመጠው የባቢከር ነበር።

ባቢከር ሱዳናዊ ነው። ካርቱም ላይ በዘፈነው አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ታሰረ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈለግ ዑዱን፣ ያን ሆደ ሰፊ የዐረብ ባለ ክር መሣሪያ፣ በጆንያ ጠቅልሎ በመተማ በኩል ድንበር ተሻገረ። አሰላ ያደረሰው ሀሰኖ የሚባል የአርሲ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጎንደር ላይ አግኝቶት። ኪነቱ ከተቀበለው ሰባት ወሩ። የሥራ ፈቃድ ካላገኘ የመኖሪያ ፈቃድ አያገኝም፤ ያ ከሌለ ደግሞ ሰኞ ወደ ድንበር ይሸኛል። ከድንበሩ ወዲያ ማን እንደሚጠብቀው አሳምሮ ያውቃል።

ጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ ዑድ እንደሚችሉም ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ዑዱን ተቀብለውት ሲመቱ፣ ከበሮ መቺው ሳይቀር እጁን ሰብስቦ ነበር የሰማቸው። በዚያ ላይ ኩሩ ናቸው። በሙዚቃ ነገር «አይሆንልኝም» ከሚሉ ጣታቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ እየተባሉ ይታማሉ።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አልችልም» አሉ።

ጓድ ካሣዬ ቀና አለ። «ጋሼ! እርስዎ የማይመቱት ነገር አለ እንዴ? እኛ በእርስዎ ክራር አይደል ያደግነው?»

«ክራር ጠይቀኝ። ይኼ ልጅ የሚመታውን ግን አልችልም። ጮሌ ከተማም ሂድ በቆጂም፣ የሚችል አታገኝም። ጻፈው።»

ጓድ ካሣዬ አያቸውና ጻፈ። «ዋስስ? ቢጠፋ ተጠያቂው ዋሱ ነው።»

«እኔው ነኛ! ቢጠፋ ደጄን ታውቀዋለህ።»

ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛውን መታ፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለመኖሪያ።

ደጅ እንደወጡ ባቢከር ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል በትከሻው ይዘው አነሱት።

«ጋሼ» አለ። «እርስዎ ይችላሉ እኮ።»

«ዝም በል፣ እንዳይሰማን!» አሉና ሳቁ።

ደጅ ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ እየጠነከረም መጣ። ወረቀቶቹን ከእጁ ተቀብለው ከገዛ ካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተቷቸው፤ እስከ አንገታቸው ድረስ ቆለፉና በአንድ እጃቸው ደረታቸውን ደግፈው፣ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ቀስ እያሉ ደረጃውን ወረዱ።