የተከፈተው ራይ

ከሳሎን ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጓዳ ተቀምጣ የምትጠብቀው ልጅ የውስኪው ክዳን መከፈቱን አወቀች።

በእነሱ ሰፈር ሽማግሌዎች ይዘውት የመጡት ውስኪ ከነእሽጉ ከተመለሰ እምቢታ ነው፤ ከተከፈተ ግን ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። አባቷ ጠዋት «ሰውየውን አልፈልገውም ካልሽ ውስኪውን ሳልነካው እመልስልሻለሁ» ብሏት፣ እሷም እንደማትፈልገው ነግራው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል ቤት መጠጥ ሲቀዳ የኖረ፣ ጠበል ገብቶ መጠጥ ከተወ ስምንት ዓመት የሆነው ሰው ነው።

«እንዴት ነው ጋሽ መንበሩ? ከአሜሪካ የመጣ እኮ ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ራይ ነው» አለ የአባቷ ድምፅ። «ራይ ከሚሉት እህል ነው የሚወጣው። እንደ ሌላው ውስኪ ማር ማር አይልም። መጀመሪያ እንደ ቁንዶ በርበሬ ምላስ ይቆነጥጣል፤ ከዚያ እንደ ደረቅ ዳቦ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የሚሸነግል መጠጥ አይደለም።»

ለአንድ ጉንጭ ሸጠኝ ብላ እንባዋን እየጠረገች ወደ ሳሎን ወጣች።

የአባቷ ብርጭቆ እስከ አፉ ሙሉ ነው። እጆቹ ጉልበቶቹ ላይ ናቸው። ክዳኑን ጨብጣ የቆመችው እናቷ ናት።

«ሠላሳ አራት ሞላሽ እኮ ልጄ» አለቻት።

ልጅቷ ለሽማግሌዎቹ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ በመካከላቸው አልፋ የውጩን በር ከፍታ ሄደች።